አቤቱታ የጻፍኩበት ክረምት

ባለቤቴን የወሰዱት በግንቦት ወር፣ እሑድ ረፋዱ ላይ ነው። እኔ ጓዳ ሆኜ ቆሎ እቆላ ነበር። ከወዲያኛው ክፍል ሲያነብ ይሰማኛል። ድምፁ ቆመ። ገጽ እየገለጠ መስሎኝ ቆሎዬን ማማሰሌን ቀጠልኩ። ሲዘገይብኝ ብቅ ብል ሦስት ፖሊሶች ቆመዋል፤ አንደኛው መጽሐፉን ከባለቤቴ እጅ ወስዶ ብብቱ ውስጥ ይዞታል። ለመስማት የመጡት አምስት ሰዎች ከመደቡ ተነሥተው ግድግዳውን ተደግፈዋል።

"ልብስ ደርብ፣ ብርድ ነው" አለው መጽሐፉን የያዘው ፖሊስ።

ካፖርቱን አመጣሁለት፤ ቁልፎቹን እስከ አንገቱ ድረስ ቆለፍኩለት። "አይዞሽ" አለኝ። ስድስቱንም ይዘዋቸው ሄዱ። ወደ ጓዳ ስመለስ ቆሎው አሯል። ደፋሁት፤ ብረት ምጣዱን አጠብኩና ሌላ ገብስ አምጥቼ እንደገና ቆላሁ። ለማን እንደምቆላ አላሰብኩም። ጎረቤቶቼ ሊያጽናኑኝ ሲመጡ በዚያው ሁኔታ አገኙኝ፤ ጠንካራ ሴት ናት ተባለ። ጥንካሬ አልነበረም። ውስጤ አንድ ነገር ተዘግቶ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለረጅም ጊዜ አልተከፈተም።

ስም አልጠራም። የብዙዎቹ ልጆች በሕይወት አሉ፤ አንዳንዶቹም እስከ ዛሬ እዚያው አርሲ ናቸው።

ባለቤቴ ወለጋ፣ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሮ ድሬሰር የሆነ ሰው ነው። መንግሥት አርሲ ውስጥ ጢቾ ጤና ጣቢያ መደበው። አፉን የፈታው በኦሮምኛ ስለሆነ ከገበሬዎቹ ጋር ቶሎ ተግባባ። ቁስላቸውን እያጠበ ያወራቸዋል፤ የሚጠይቁትን ይመልስላቸዋል። ውሎ አድሮ አምስት ሰዎች እሑድ እሑድ ቤታችን እየመጡ ወንጌል ያነብላቸው ጀመር፤ አንዳንዴ በአማርኛ፣ አንዳንዴ በኦሮምኛ። የከተማው ሰው "ጸረ ማርያም" ይላቸው ነበር። ባለቤቴ ስለ ማርያም ክፉ ሲናገር አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም።

እኔ የዚያው አገር ልጅ ነኝ። ቅድመ አያቶቼ ከሸዋ መጥተው የሰፈሩ ናቸው። አባቴ የደብሩ ገበዝ ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚይዙት፣ ደብዳቤውንም የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ፊደል ያስቆጠሩት እኔን ነው። ዳዊት አስደገሙኝ፤ መጻፍም አስተማሩኝ። የ"ም"ን እግር አስረዝሜ ስጎትት ጣቴን በመቃ ብዕሩ መታ ያደርጉና "ልክ እንደኔ" ይሉኛል። እንደሳቸው እስክጽፍ አልለቀቁኝም። ለድሬሰሩ ሲድሩኝ የመንግሥት ሠራተኛ መሆኑን እንጂ እሑድ እሑድ የሚያደርገውን አላወቁም። ካወቁ ወዲህ ቤታችን መግባት ተዉ።

እኔስ ከየትኛው ወገን ነበርኩ? ይህን የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ጓዳ ሆኜ እሰማ ነበር። ፍልሰታንም እጾም ነበር። ባለቤቴ ምረጪ ብሎኝ አያውቅም፤ እኔም አልመረጥኩም።

ከተያዙት ስድስቱ ሦስቱ እዚያው ጢቾ ተፈቱ። አንድ ወረቀት ቀርቦላቸው ነበር፤ ከእንግዲህ አልሰበሰብም፣ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቴም ተመልሻለሁ የሚል። ፈረሙ፣ ሄዱ። አንፈርምም ያሉት ባለቤቴ፣ አንድ ሸማኔና አንድ ገብስ የሚያርሱ ሽማግሌ ናቸው። በአራተኛው ቀን ሦስቱን እጅ ለእጅ አስረው፣ ፖሊሶቹ በበቅሎ እነሱ በእግር፣ ወደ አሰላ ወሰዷቸው። እኛ ሚስቶቹ ስንቅ ተሸክመን ከኋላ ከኋላ ተከተልን። በደብሩ አጠገብ ስናልፍ የአባቴ ቤት በር ተዘግቷል። በቀን ያ በር ተዘግቶ አይቼ አላውቅም ነበር። አይቼው አለፍኩ።

አሰላ በሁለተኛው ቀን ማታ ገባን። የጭላሎ ተራራ ጉም ለብሶ አይታይም፤ መንገዱ ጭቃ ነው፤ የጋሪ ፈረሶች እስከ ጉልበታቸው ይሰምጣሉ። ቤት ፍለጋ ስንዞር፣ እስረኛ እንዳለን ሲሰሙ ብዙዎቹ "ተይዟል" አሉን። ያስገቡን በርበሬና ጨው የሚቸረችሩ አንዲት የእስላም ባልቴት ናቸው። "አዴ" እንላቸው ነበር፤ በኦሮምኛ እመቤት እንደማለት ነው። ጎረቤት መጥቶ ለምን አስገባሻቸው ቢላቸው፣ "እስረኛ ያለው ሰው ማደሪያ አያስፈልገውም?" ብለው በርበሬያቸውን መስፈራቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት አንድ ዓይነት ነበሩ። ጠዋት ገንፎ ወይም ቂጣ ይዘን ወህኒ ቤቱ ደጃፍ እንቆማለን። ዘበኛው ገንፎውን በእንጨት ወጋ ወጋ አድርጎ ያስገባዋል። ባዶውን ዕቃ እስኪመልሱልን ድረስ አጥሩ ሥር ተቀምጠን እንጠብቃለን። ዕቃው ባዶ ሆኖ ከመጣ በልቷል ማለት ነው። ከዚያ ወደ ቤት እንመለሳለን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስታችን በራችንን ዘግተን እንጸልያለን።

የምትመራው የሸማኔው ሚስት ነበረች። የእኔ እኩያ ነች፤ ስትጸልይ ታለቅሳለች፤ እንባዋን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ትጠርጋለች። የሽማግሌው ባለቤት እማማ ደግሞ በኦሮምኛ ይጸልያሉ፤ አጭር ነው፤ ለሰው እንደሚነግሩ ሁሉ ቀስ ብለው ተናግረው ይጨርሳሉ። በመጨረሻ የእኔ ተራ ይደርሳል። "አሜን" እላለሁ። ሌላ ነገር አልልም።

አንድ ቀን የሸማኔው ሚስት ዓይኗን ገልጣ አየችኝ።

"እህቴ፣ ስለ ባልሽ እንኳ አንድ ቃል አትናገሪም?"

"ምን ልበል?"

"የሚሰማሽን።"

"ምንም አይሰማኝም" አልኳት።

ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። ትንሽ አሰበችና "እንግዲያው አንቺ ጻፊ" አለችኝ። "እኔም እማማም ፊደል አናውቅም። እኛ እንጸልይ፤ አንቺ ለሹማምንቱ ጻፊልን።"

እንዲህ ነው አቤቱታ ጸሐፊ የሆንኩት። አዴ ከሱቃቸው ወረቀት ሰጡኝ። እኛ ከዚህ በታች ስማችን የተጠቀሰው ብዬ ጀመርኩ፤ ባሎቻችን ያለ ጥፋታቸው መታሰራቸውን፣ በቤት ውስጥ መጽሐፍ ከማንበብ በቀር ያደረጉት እንደሌለ ጻፍኩ። እማማ አጠገቤ ተቀምጠው "ገብሱን የሚያርም ሰው የለም በይ" አሉኝ። ያንንም ጨመርኩ። ሁለቱ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ፤ እኔ በስሜ።

አቤቱታውን የሚቀበሉት የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ናቸው፤ መነጽራቸው በክር የታሰረ፣ ከሌላ አገር ተዛውረው የመጡ አዛውንት። አነበቡት፤ ወደኔ ቀና ብለው ደግመው አነበቡት።

"ማን ጻፈልሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"አንቺ?" መስመሩን በጣታቸው ተከተሉ። "ጥሩ እጅ ነው። ነገ ነይ።"

ነገ ስሄድ ሰኞ አሉኝ። ሰኞ ደግሞ ትልቁ ሰው፣ አቤቱታውን የሚወስኑት ሹም፣ የሉም። እንዲህ እያለ ሰኔ አለቀ። ወረቀቱ ይጠፋል፣ እንደገና እጽፋለሁ። በአራተኛው ላይ ይሁን በአምስተኛው፣ ጸሐፊው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መከሩኝ።

"ልጄ፣ 'ያለ ጥፋታቸው' የሚለውን አውጪው። ጥፋት የሌለበትን አሰሩ ማለትሽ ነው፤ ትልቁ ሰው ይቆጣሉ። 'በምሕረት እንዲታዩ' በይ።"

"ምሕረት የሚጠይቀው ያጠፋ ሰው አይደለም፣ ጌታዬ?"

"የምትፈልጊው እንዲወጡ ነው ወይስ መከራከር?"

ቤት ሄጄ "በምሕረት" ብዬ ጻፍኩ። እሑድ የጥየቃ ቀን ነው፤ በአጥሩ ቀዳዳ ለባለቤቴ ነገርኩት። ጺሙ አድጓል፤ ካፖርቱ ከላዩ ሰፍቷል።

"ምሕረት ብለሽ ጻፍሽ?"

"ጻፍኩ።"

ጺሙን አሸት አሸት አደረገ። የተናደደ መሰለኝ። ከዚያ "እሺ" አለኝ። "በውጭ ያለው ወረቀት የአንቺ ነው፣ እንደመሰለሽ ጻፊው። በውስጥ የሚመጣልኝን ወረቀት መፈረም አለመፈረሙ ደግሞ የኔ ነው።" ከዚያ ስለ ሳሙና ጠየቀኝ። ሳሙና አመጣሁለት።

በሐምሌ ሸማኔው ፈረመ። ሳል ይዞት ነበር። አንድ ጠዋት ደጃፍ ቆመን ሳለን ልብሱን ጠቅልሎ ወጣ፤ ዘበኛው ትከሻውን ቸብ አድርጎ ሸኘው። ሚስቱ አልጮኸችም። ጥቅሉን ተቀበለችው፤ ወደኛ ሳያዩ ተያይዘው ሄዱ። ጢቾ መመለስ ስላፈረ እዚያው አሰላ የሰው ሸማ ቤት ገብቶ መሥራት ጀመረ።

ሁለት ቀን እሷን አላየናትም። በሦስተኛው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። የበሩን መቃን ይዛ ቆመች።

"ልግባ?" አለች።

እማማ ከሰሌኑ ላይ ገለል ብለው ቦታ ለቀቁላትና በእጃቸው መታ መታ አደረጉት። ገብታ ተቀመጠች። የዚያን ቀን የመራት ሰው የለም፤ ሦስታችንም ዝም ብለን ነው የተነሣነው። ከዚያ በኋላ ግን አንድም ቀን አልቀረችም። ባሏም ማታ ማታ ከሥራ ሲወጣ የሸመናትን አንዲት ጋቢ ላከ፤ ለሽማግሌው ናት አለ። አስገባንላቸው።

ነሐሴ ላይ ወህኒ ቤቱ ውስጥ ተስቦ ገባ። ባለቤቴ ያለ መድኃኒት በውኃና በጨርቅ በሽተኛ ያገላብጥ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። አንድ ቀን የእማማ ዕቃ እንደ ተሞላ ተመለሰ።

"ዛሬ አልበሉም" አለ ዘበኛው።

በማግስቱም አልበሉም። ሆስፒታል ይወሰዱ ብዬ ጻፍኩ። የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ በዚያ ቀን ነገ ነይ አላሉኝም፤ ወረቀቱን ይዘው ራሳቸው ወደ ትልቁ ሰው ክፍል ገቡ። ብዙ ሳይቆዩ ወጡ። "ይታያል ብለዋል" አሉኝ፤ ፊቴን አላዩም።

ሽማግሌው ሐሙስ ጠዋት ሞቱ። ዘበኛው ለእማማ የነገራቸው ቆቡን አውልቆ ነው። እማማ "ትናንት የላክሁትን ወተት ጠጡ?" ብለው ጠየቁት።

"ጠጥተዋል" አለ።

እውነቱን ይሁን አይሁን አላውቅም። የሸማኔው ሚስት መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። እኔ አስከሬኑን ለማውጣት ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ ዘበኛውን ጠየቅሁት፤ ነገረኝ፤ ሄድኩ።

ጸሐፊው መዝገቡን ከመደርደሪያ አውርደው ጠረጴዛው ላይ ገለጡት። የሽማግሌውን ስም በቀይ ሰረዙ። ማኅተሙን ለማምጣት ወደ ወዲያኛው ክፍል ሄዱ። መዝገቡ እንደተገለጠ ነው። ከላይ የኔ አቤቱታዎች ተደርበዋል፤ ሁሉም እዚያ ነበሩ፤ ጠፉ የተባሉትም ጭምር። ከሥራቸው የመጀመሪያው ወረቀት ጫፉ ይታያል። ገለጥኩት። ክሱ ነው። ደብሩ ለፖሊስ የጻፈው። አንድ መስመር ሳላነብ የማን እጅ እንደሆነ አወቅሁ፤ የ"ም" እግር አጭርና ቀጥ ያለ ነው።

ጸሐፊው ሲመለሱ ወረቀቱን ይዤ አገኙኝ። አልቀሙኝም።

"ልጠይቅሽ ልጠይቅሽ እያልኩ ነው የከረምኩት" አሉኝ። "ክሱና አቤቱታው በአንድ እጅ የተጻፉ ይመስላሉ። ግራ ገብቶኝ ነበር።"

"የአባቴ እጅ ነው" አልኳቸው። "መጻፍ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።"

መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉት። እኔ ቆሜ አንድ ነገር እስኪመጣብኝ ጠበቅሁ። ንዴት፣ እንባ፣ ምንም ይሁን። አልመጣም። መስኮቱ ላይ ዝናብ ይወርዳል። "ማኅተሙን ይምቱልኝ፣ ሰው ይጠብቀኛል" አልኳቸው።

አስከሬኑን በጋሪ ጭነን ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰድን። ቄሱ ወጥተው በትሕትና አነጋገሩን። "ሳይመለሱ ነው የሞቱት፤ እኔ ሥልጣን የለኝም" አሉ። እማማን እግዚአብሔር ያጽናዎት ብለው ገቡ። የእስላሙ መቃብር የእስላም ነው። ጋሪው መንገድ ዳር ቆመ። ፈረሱ ራሱን ያወዛውዛል፤ ካፊያው ጋቢው ላይ ያርፋል፤ ባለጋሪው ሌላ ሥራ እንዳለበት ይነግረናል። የት እንደምንሄድ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

አዴ የመጡት ያን ጊዜ ነው። ሱቃቸውን ዘግተው፣ ሻሻቸውን አጥብቀው፣ በጭቃው ውስጥ ሲመጡ አየናቸው። "ወንድሜ እርሻ አለው" አሉ፤ ከጋሪው ፊት ሆነው መንገድ መሩ።

ወንድማቸው ከከተማው በላይ፣ በጭላሎ በኩል የሚያርስ ሰው ነው። ከቤቱ ወጥቶ ጋሪውን፣ እማማን፣ ከዚያም እኅቱን አየ። በኦሮምኛ ተነጋገሩ። ብዙም አልተከራከሩም።

"የገብሱ ማሳ ዳር ድንጋያማ ነው፤ አይታረስም" አለን ዞሮ። "እዚያ ቅበሯቸው።"

እሱና ሸማኔው ተጋግዘው ቆፈሩ። ጉድጓዱ ውኃ እየሞላ አስቸገረ። ካወረዷቸው በኋላ ሁሉም ሸማኔውን አዩት፤ ወንድ አማኝ እሱ ብቻ ነበር። ራሱን ነቀነቀ። "እኔ አይገባኝም። ፈርሜያለሁ" አለ። ሚስቱ ልትጀምር ሞከረች፤ ልቅሶው አቋረጣት። ስለዚህ እኔ ተናገርኩ። ከልጅነቴ በቃሌ የያዝኩትን አንድ የዳዊት መዝሙር በግዕዝ ደገምኩ። እዚያ ከቆሙት ግዕዝ የሚያውቅ አልነበረም። ስጨርስ እማማ "ምን አልሽላቸው?" አሉኝ። በኦሮምኛ ባጭሩ ነገርኳቸው። "ደግ ነው" አሉ።

በሳልስቱ ወደ ጢቾ ሄድኩ። ብቻዬን ነበርኩ፤ መንገድ ላይ አንድ ዘመድ ቤት አደርኩ። አባቴን ያገኘኋቸው ግቢያቸው ውስጥ፣ ዋርካው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው የቤተ ክርስቲያን ጥላ ሲጠግኑ ነው። መርፌውን ሳያቆሙ አዩኝ።

"መጣሽ።"

"መጣሁ፣ አባባ።"

"እሱስ?"

"እዚያው ነው። ሽማግሌው ሞቱ።"

"ሰምቻለሁ።"

"ክሱን አየሁት።"

መርፌው ቆመ። "ማን አሳየሽ?"

"ማንም። ጠረጴዛ ላይ ነበር። እጅዎን አወቅሁት።"

ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። "የከሰሰው ደብሩ ነው" አሉኝ። "እኔ ጸሐፊ ነኝ።"

"የጻፉት እርስዎ ነዎት።"

"እኔ ባልጽፈው ሌላ ይጽፈው ነበር። ሰባት ስም ነው ያመጡልኝ። ሰባተኛው የአንቺ ነበር። እኔ ስጽፈው ስድስት አደረግሁት።" ጥላውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። "ሌላ ሰው ቢጽፈው ሰባት ይሆን ነበር።"

ይህን ሳላውቅ ነው የመጣሁት። አሁንም የሚመጣብኝ ስሜት ካለ ብዬ ትንሽ ጠበቅሁ።

"የባለቤቴንስ?" አልኳቸው።

"የሱን ማውጣት አልችልም ነበር።"

"አሁን ሌላ ይጻፉ።"

"ምን ብዬ?"

"እርስዎ ያውቃሉ።"

"ደብሩ አይፈርምበትም።"

"እርስዎ ይፈርሙበት።"

"ገበዝነቴን ይወስዱብኛል።"

"አውቃለሁ" አልኳቸው።

ዛሬ ሳስበው ያ ቃል ጭካኔ ነበረበት። ያኔ ግን ስለ ዝናብ እንደማወራ ነው ያልኩት። አባቴ ቀና ብለው ፊቴን መረመሩ፤ እዚያ ያዩት ነገር ያስፈራቸው ይመስለኛል። "ደክሞሻል፣ ግቢ ብይ" አሉኝ። ገብቼ በላሁ፤ አደርኩ። ጠዋት የታሸገ ፖስታ ሰጡኝ።

"ለሱ ብዬ አይደለም" አሉኝ።

"ለማን ነው?"

"ሽማግሌውን አውቃቸዋለሁ። ደብሩ ሲታደስ ድንጋይ በትከሻቸው ያመላለሱ ሰው ናቸው። ያኔ ማንም ሃይማኖታቸውን አልጠየቃቸውም።" ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ።

አሰላ ደርሼ ፖስታውን ለመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ሰጠኋቸው። ቆመው አነበቡት። አባቴ እስረኞቹ ንጹሕ ናቸው ብለው አልጻፉም። ክሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ጸጥታ ሲያውኩ በዓይኔ አላየሁም፣ አንዱ ሰው ሞቷል፣ የቀረው እንዲለቀቅ እኔ በግሌ ዋስ እሆናለሁ ብለው ነው የጻፉት። ጸሐፊው ወረቀቱን አጥፈው "ይህ ይሠራል" አሉኝ።

ወዲያው አልሠራም። መስቀል አለፈ። ጥቅምት ሲገባ ገብሱ ቢጫ መሆን ጀመረ። ባለቤቴን አንድ ቀን ቢሮ ጠርተው ሌላ ወረቀት አቀረቡለት፤ ሃይማኖት የሚል ቃል የሌለበት፣ የአካባቢውን ሰላም እንዳያውክና ጢቾ ተመልሶ እንዳይኖር ብቻ የሚል። ሁለት ጊዜ አንብቦ ፈረመ። በማግስቱ ጠዋት ወጣ።

እንዴት እንደምሆን ሴቶቹ ይጠብቁ ነበር፤ እኔም ራሴን እጠብቅ ነበር። "በላህ?" አልኩት። "ገና" አለኝ። ከመንገዱ ማዶ አንድ ሻይ ቤት ገባን። ሁለት ዳቦ በላ፤ ሻዩን በሁለት እጁ ይዞ ጠጣ። ጥፍሮቹ ረዝመዋል። እማማን ሄዶ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ያዙትና ወተቱን ጠየቁት።

"ጠጥተዋል" አላቸው። "እኔ ነኝ ያጠጣኋቸው።"

ከሰዓት በኋላ መቃብሩ ጋ ይዤው ስወጣ፣ ክሱን ማን እንደጻፈው መንገድ ላይ ነገርኩት። መራመዱን አላቆመም።

"አውቅ ነበር" አለኝ። "ጢቾ እያለን ነው ያነበቡልኝ።"

"ለምን አልነገርከኝም? በየሳምንቱ እያየኸኝ።"

"አባትሽ ናቸው" አለኝ። ሌላ ምክንያት አልሰጠኝም።

ባለቤቴን ወደ ዴራ ጤና ጣቢያ አዛወሩት። ከአሰላ ብርድ ወርደን ቆላው ውስጥ ገባን፤ አቧራ፣ ግራርና ፍየል። እማማ ወደ ጢቾ ተመለሱ። ገብሳቸውን ከጎረቤት ጋር ሆነው ያጨዱላቸው መጀመሪያ ላይ ፈርመው የተፈቱት ሦስቱ ሰዎች ናቸው፤ ይህን ሰው ልከው የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ዴራም መጻፍ አልተውኩም። ጎበሳ በሚባል ከተማ ሰዎች ታስረው ሚስቶቻቸው እኔ ድረስ መጡ፤ ጻፍኩላቸው። "በምሕረት" የሚለውን ቃል ማንም ሳይነግረኝ አስገባሁ። የሰሙኝ አሉ፤ ያልሰሙኝ ይበዛሉ።

አባቴ ገበዝነታቸውን ተቀሙ። በዓመቱ ደረታቸውን ታመው በጭነት መኪና ዴራ መጡ፤ ሐኪም ያለው እዚያ ነው ብለው። ሐኪም ጢቾም ነበር። ባለቤቴ ሁለት ሳምንት ጠዋት ጠዋት መርፌ ወጋቸው። እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ፤ እሱ ክንዳቸውን በአልኮል ይጠርጋል፤ ስለ ከብትና ስለ ዝናብ ያወራሉ። ስለዚያ ክረምት አንድም ቃል አላነሡም። አንድ ጠዋት ከበሩ ውጭ ቆሜ ሰማኋቸው።

"ያማል?" ይላቸዋል።

"አያምም" ይሉታል።

ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ ከአለባበሴ አወቁ። ሲሄዱ መኪናው ላይ ከወጡ በኋላ ጎንበስ ብለው "ስትወልጂ ላኪብኝ" አሉኝ። በየካቲት ሴት ልጅ ወለድኩ፤ ላክሁባቸው። በሦስተኛው ሳምንት በበቅሎ መጡ፤ ማር ይዘው ነበር። ልጅቷን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አስተኟትና ብዙ ጊዜ አዩዋት። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣ እንደሆነ አልጠየቁም። እኛም አልነገርናቸውም። እጇን ይዘው ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘረጉ፤ ሲመሽ በቅሏቸውን እንድጭንላቸው ጠየቁኝ፤ ጫንኩላቸው።